በእጅ የሌለውን መሸጥ፦ ከአል-ጃር ወደብ እስከ ኒው ዮርክ ገበያ

(በሬዲዮ ፕሮግራማችን የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ በሚመች መልኩ የተዘጋጀ)

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው። የአላህ ሰላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸው፣ በሰሐቦቻቸውና መንገዳቸውን በመልካም በተከተሉት ሁሉ ላይ ይስፈን። 

የዛሬው ርዕሳችን ገበያ ነው። ጤፍና ከብት የሚሸጥበትን ገበያ ማለቴ አይደለም፤ ሰው ቤቱ ተቀምጦ በስልኩ የኩባንያ ድርሻ የሚገዛበትንና የሚሸጥበትን የአክሲዮን ገበያ ነው። «ይህ የሀብታሞች ጉዳይ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» የሚል አድማጭ ይኖር ይሆናል። እኔም እንደዚያ አስብ ነበር። አንድ ጥያቄ ቀርቦልኝ፣ በችኮላ መልሼ እስክሳሳት ድረስ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጃንዋሪ 2021 (እ.ኤ.አ) መጨረሻ ላይ፣ ቅዳሜ ቀን፣ የሠፈራችን ልጅ የሆነ አንድ ወጣት ከአሜሪካ ከቨርጂኒያ ደወለልኝ። ከሰላምታው በኋላ ድምፁ እየተንቀጠቀጠ እንዲህ አለኝ፦ «ኡስታዝ፣ የእናቴን የሐጅ ገንዘብ አክሲዮን ገዛሁበት።» በ2020 በወረርሽኙ ምክንያት ከውጭ አገር ሐጅ ተከልክሎ ስለነበር፣ ለእናቱ ያጠራቀመው 6,000 ዶላር ባንክ ውስጥ ቁጭ ብሎ ነበር። የሥራ ጓደኞቹ ሁሉ ስለ አንድ አክሲዮን ሲያወሩ ሰምቶ፣ ረቡዕ ዕለት አንዱን በ300 ዶላር ሒሳብ 20 አክሲዮን ገዛ። ዓርብ ገበያው ሲዘጋ ዋጋው 325 ዶላር ደርሶ ነበር። «ልሽጥ ወይስ ልጠብቅ?» ብሎ ጠየቀኝ። አስከትሎም «አንድ ጓደኛዬ ደግሞ ይህ ዋጋ መውደቁ ስለማይቀር፣ በመውደቁ የሚገኘው ትርፍ ይበልጣል ይለኛል፤ ሾርት አድርግ ይለኛል። ይህስ ይፈቀዳል?» አለኝ።

ለሁለተኛው ጥያቄ «አላውቀውም፤ አጣርቼ እነግርሃለሁ» አልኩት። አልሐምዱሊላህ፣ ይህ መልስ ትክክል ነበር። ለመጀመሪያው ግን የማላውቀውን እንደሚያውቅ ሰው ሆኜ «ወንድሜ፣ ሶብር አድርግ» አልኩት። እርሱም ሶብር አደረገ። በሚቀጥለው ማክሰኞ ዋጋው 90 ዶላር ሆነ። ፌብሩዋሪ 19 ቀን ደግሞ 40 ዶላር ገደማ ሲደርስ ሸጠው። ከ6,000 ዶላሩ በእጁ የቀረው 800 ገደማ ነበር።

ውድ አድማጮች፣ ሶብር ታላቅ ዒባዳ ነው። ነገር ግን ሶብር ሐቅ ላይ ሆኖ መጽናት ነው እንጂ፣ ምንነቱን ያላወቁትን ነገር ይዞ መቆየት አይደለም። እኔ በዚያ ቀን ይህን አልለየሁም። ከዚያ በኋላ ለሁለተኛው ጥያቄ መልስ ስፈልግ ነው፣ ለመጀመሪያውም መልስ ያገኘሁት። ፍለጋው ወደ ታሪክ ወሰደኝ፤ ታሪኩን ዛሬ አካፍላችኋለሁ።

የጨዋታ መደብሩ ታሪክ

በመጀመሪያ ያ አክሲዮን ምን እንደነበር እንመልከት። ጌምስቶፕ የተባለው ኩባንያ መሠረቱ በአሜሪካ ቴክሳስ ሲሆን፣ በየገበያ ማዕከሉ ባሉት ሱቆቹ የቪዲዮ ጨዋታዎችን ይሸጣል። ልጆች ጨዋታውን በኢንተርኔት በቀጥታ መጫን ሲጀምሩ የሱቆቹ ገቢ እየቀነሰ መጣ። በ2020 የጸደይ ወራት የአንዱ አክሲዮን ዋጋ ከ3 ዶላር በታች ወርዶ ነበር። በዓመቱ መጨረሻም 20 ዶላር አልሞላም።

በኒው ዮርክ ገበያ ያሉ ትልልቅ የገንዘብ ተቋማት «ይህ ኩባንያ መሞቱ አይቀርም» ብለው ገመቱ። ገምተውም አልቀሩም፤ ሾርት በሚባለው መንገድ ገቡበት። ይህን መንገድ በቤታችን ምሳሌ ላስረዳ። አንድ ሰው ከጎረቤቱ አንድ ኩንታል ጤፍ ይበደራል። ዋጋው ለምሳሌ 10,000 ብር ነው እንበል። ወዲያው ወስዶ ይሸጠዋል። ሐሳቡ፣ አዝመራ ሲደርስ ጤፍ ወደ 8,000 ይወርዳል፤ ያኔ ገዝቼ ለጎረቤቴ እመልሳለሁ፤ 2,000 ብር ይተርፈኛል የሚል ነው። ዝናቡ ቢጠፋና ጤፍ 15,000 ቢገባስ? 20,000 ቢገባስ? ኩንታሉን መመለስ ግዴታው ነው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ዋጋ ሲወርድ ከዜሮ በታች አይወርድም፤ ስለዚህ ትርፉ ጣሪያ አለው። ሲወጣ ግን ማቆሚያ የለውም፤ ስለዚህ ኪሳራው ጣሪያ የለውም።

በጌምስቶፕ ላይ የሆነው ከዚህም ያለፈ ነበር። አንዱ አክሲዮን ተበድሮ ይሸጣል፤ የገዛው ሰው አክሲዮን ተመልሶ ለሌላ ይበደራል፤ እንደገና ይሸጣል። የአሜሪካ የገበያ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ባለሙያዎች በኦክቶበር 2021 ባወጡት ዘገባ እንደተገለጸው፣ በብድር ተሸጦ መመለስ የነበረበት አክሲዮን በሕዝብ እጅ ለገበያ ከሚቀርበው አክሲዮን በልጦ 122 በመቶ አልፎ ነበር። 100 ኩንታል ጤፍ ባለበት መንደር 122 ኩንታል የመመለስ ዕዳ ገባ ማለት ነው።

ይህን ያስተዋሉ ሰዎች ነበሩ። ከእነርሱ አንዱ ኪት ጊል የተባለ የማሳቹሴትስ ነዋሪ ነው። ኩባንያው ከሚገመተው በላይ ዋጋ አለው ብሎ በ53,000 ዶላር ገደማ ቀደም ብሎ የገዛ ሲሆን፣ ያሰበውን በኢንተርኔት ለሕዝብ ይናገር ነበር። በ2021 መጀመሪያ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ወጣቶች በስልካቸው መግዛት ጀመሩ። ዋጋው ሲወጣ ሾርት ያደረጉት ተቋማት ኪሳራቸውን ለመግታት ራሳቸው መግዛት ተገደዱ፤ የእነርሱ ግዢም ዋጋውን ይበልጥ አስወጣው። ጃንዋሪ 27 ገበያው ሲዘጋ ዋጋው 347 ዶላር ነበር። በማግስቱ ለአፍታ 483 ዶላር ነካ። ያን ቀን ሮቢንሁድ የተባለውና ወጣቶቹ የሚጠቀሙበት የስልክ ገበያ፣ አስያዥ ገንዘብ ወደ 3 ቢሊዮን ዶላር ስለተጠየቀ፣ ደንበኞቹ መሸጥ እንጂ መግዛት እንዳይችሉ አገደ። ዋጋው ያን ቀን በ193 ዶላር ዘጋ።

ሜልቪን ካፒታል የተባለው ሾርት ያደረገ ተቋም በዚያ አንድ ወር ከያዘው ገንዘብ 53 በመቶውን አጣ። ከሌሎች ተቋማት 2.75 ቢሊዮን ዶላር ቢገባለትም አልዳነም፤ በሜይ 2022 መዘጋቱን አስታወቀ። እዚህ ላይ አንድ ትልቅ ቁም ነገር አለ። ተቋሙ ስለ ኩባንያው የገመተው ብዙም ስህተት አልነበረም፤ ሱቆቹ እውነትም ገቢያቸው እየቀነሰ ነበር። ዋጋውም በሦስት ሳምንት ውስጥ ወደ 40 ዶላር ወርዷል። ይወርዳል ያለውም ልክ ነበር፤ ይወጣል ያለውም ልክ ነበር። ሁለቱንም ያከሰራቸው ሰዓቱን አለማወቃቸው ነው።

የአል-ጃር ደረሰኞች

እንዲህ ዓይነት ንግድ አዲስ ፈጠራ ይመስላል። ግን አይደለም። ከ1,350 ዓመታት በፊት በመዲና የሆነውን እንመልከት።

አል-ጃር በቀይ ባሕር ዳርቻ የነበረች የመዲና ወደብ ናት። ከእኛው ከሐበሻ ምድር፣ ከግብፅና ከየመን የሚመጡ መርከቦች ያርፉባት ነበር። በኸሊፋው ዑመር (ረ.ዐ.) ዘመን ረሃብ በጸና ጊዜ፣ ከግብፅ የሚላከው እህል በዚህች ወደብ በኩል መግባት ጀመረ። እህሉ ለሕዝቡ ሲከፋፈል ለየሰዉ «ይህን ያህል ይገባሃል» የሚል ወረቀት ይሰጠው ነበር። ወረቀቱ በዐረብኛ «ሶክ» ይባላል፤ ሲበዛ «ሱኩክ» ነው።

በኋላ በመርዋን ኢብኑል ሐከም የመዲና አስተዳዳሪነት ዘመን፣ ሰዎች ወረቀቶቹን ይሸጡ ጀመር። የገዛው ደግሞ እህሉን ሳይረከብ ለሌላ ይሸጣል፤ ያም ለሌላ። እህሉ ወደቡ ላይ እንዳለ፣ ወረቀቱ ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ ዋጋው ይጨምራል። ኢማም ማሊክ በሙወጠእ፣ ኢማም ሙስሊምም በሶሒሓቸው እንደዘገቡት፣ ሰሐቦች ይህን ሲያዩ ዝም አላሉም። በማሊክ ዘገባ ዘይድ ኢብኑ ሣቢትና ሌላ ሰሐባ፣ በሙስሊም ዘገባ ደግሞ አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ.) ወደ መርዋን ገብተው፣ ወለድን ሐላል አደረግህን? ሲሉ ተቆጡት። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እህል ሳይረከቡት መሸጥን መከልከላቸውንም አስታወሱት። መርዋንም ስህተቱን ተቀበለ። ዘቦችን ልኮ ወረቀቶቹን ከሰዎች እጅ አስለቀመ፤ ለባለቤቶቻቸውም እንዲመለሱ አደረገ።

የዚህ መሠረቱ ምን ነበር? ሐኪም ኢብኑ ሒዛም (ረ.ዐ.) የምእመናን እናት የኸዲጃ (ረ.ዐ.) የወንድም ልጅና የታወቀ ነጋዴ ነበር። ደንበኛ መጥቶ በእጁ የሌለውን ዕቃ ሲጠይቀው፣ መጀመሪያ ይሸጥለትና ከዚያ ከገበያ ገዝቶ ያስረክበው ነበር። ይህን ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ሲጠይቅ፣ እርሱ ዘንድ የሌለውን እንዳይሸጥ ነገሩት። ሐዲሡን አቡ ዳዉድ፣ ቲርሚዚይ፣ ነሳኢና ኢብኑ ማጀህ ዘግበውታል። ልብ በሉ፤ ሐኪም አታላይ አልነበረም። ዕቃውን ያመጣ ነበር። ነገር ግን በሸጠበትና በሚገዛበት መካከል ባለው ጊዜ ዋጋው የት እንደሚደርስ አያውቅም። ዑለሞች «ገረር» የሚሉት ይህን ነው፤ ፍጻሜው የማይታወቅ፣ አንዱን ወገን ለማይችለው ዕዳ የሚዳርግ ውል።

እስልምና ግን የነገውን ንግድ ሁሉ አልዘጋም። የመዲና ሰዎች ገና ያልደረሰ ተምር አስቀድመው ሒሳቡን ከፍለው ይገዙ ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ይህን ሰለም የሚባለውን ውል አልከለከሉም፤ መጠኑ፣ ሚዛኑና ቀኑ የታወቀ ይሁን አሉ እንጂ። ገንዘቡ በሙሉ ዛሬ ይከፈላል፤ ገበሬው ይጠቀምበታል፤ ምርቱም ይመጣል። የተከለከለው ወረቀቱ ከዕቃው ተለይቶ ብቻውን መሮጡ ነው።

አምስተርዳምና ኩዌት

ከዚህ ወደ ሺህ ዓመት ገደማ ቆይቶ፣ በሆላንድ አገር በ1602 የምሥራቅ ህንድ ኩባንያ ተቋቋመ። ድርሻው ለሕዝብ ተሸጦ በአምስተርዳም ይገበያይ ጀመር። ከመሥራቾቹ ትልቁን ድርሻ ከያዙት አንዱ ይስሐቅ ለሜር የተባለ ነጋዴ ነበር። ከኩባንያው ጋር ተጣልቶ ከወጣ በኋላ፣ በ1609 ከሌሎች ጋር በምስጢር ተማክሮ፣ የሌላቸውን አክሲዮን «ወደፊት እናስረክባለን» እያሉ መሸጥ ጀመሩ። ዋጋው እንዲወርድም ስለ ኩባንያው ክፉ ወሬ ይነዛ ነበር። ነገሩ ለመንግሥት ደርሶ፣ በፌብሩዋሪ 1610 በእጅ የሌለ አክሲዮን መሸጥን የሚከለክል አዋጅ ወጣ። ሆላንዶች ይህን ንግድ «የንፋስ ንግድ» ብለው ሰየሙት። ኩባንያው ለባለድርሻዎቹ ትርፍ ማከፋፈል ሲጀምር ዋጋው አገገመና፣ ከተማካሪዎቹ በርከት ያሉት ከሰሩ።

የእነዚያ ሰዎች ታሪክ የክርስቲያን አገር ታሪክ ነው፤ እኛ ግን ሐዲሡ በእጃችን ስላለ ድነናል ብላችሁ እንዳታስቡ። አዛን አምስት ጊዜ በሚሰማባት በኩዌት ከተማ የሆነውን እንመልከት።

በ1970ዎቹ የነዳጅ ዋጋ ሲንር ኩዌት በገንዘብ ተጥለቀለቀች። በ1977 የመንግሥቱ የአክሲዮን ገበያ ሲናጋ መንግሥት ገንዘብ አውጥቶ ደገፈው፤ ደንቡንም አጠበቀ። ደንቡ የጠበበባቸው ነጋዴዎች ሱቅ አል-መናኽ ወደሚባል ሌላ ገበያ ሄዱ። መናኽ ማለት ግመል የሚንበረከክበት ስፍራ ነው። በዚያ በአብዛኛው በሌሎች የባሕረ ሰላጤው አገሮች የተመዘገቡ፣ አንዳንዶቹም ከስማቸው በቀር ሥራ የሌላቸው ኩባንያዎች ድርሻ ይሸጥ ነበር።

በኒው ዮርክ የሌላቸውን አክሲዮን ሸጡ፤ በመናኽ ደግሞ በሌላቸው ገንዘብ ገዙ። ገዢው ጥሬ ገንዘብ አይከፍልም፤ ከወራት በኋላ የሚመነዘር ቼክ ይጽፋል። ቀኑ ሩቅ ስለሆነ ከዕለቱ ዋጋ በላይ 50፣ 100 በመቶ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይጨምራል። ቀኑ ሳይደርስ አክሲዮኑ ይወጣል፤ ሸጬ እከፍላለሁ ብሎ ነው። ሻጩም ያንን ቼክ ተማምኖ ሌላ ቼክ ይጽፋል። ዋጋው እስከወጣ ድረስ ሁሉም ሀብታም ነው።

በኦገስት 1982 አንድ ሰው ቼኩን ቀኑ ሳይደርስ ለባንክ አቀረበ። በአገሩ ሕግ ቼክ በቀረበ ጊዜ መከፈል ነበረበት። ገንዘብ አልተገኘም። ከዚያ ሰንሰለቱ በሙሉ ተበጠሰ። መንግሥት ቼክ ያለው ሁሉ እንዲያስመዘግብ ሲያዝ፣ 29,000 ገደማ ቼኮች ቀረቡ፤ የተጻፈባቸው ገንዘብ ሲደመር 94 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ሆነ። በዚያን ጊዜ የኩዌት ነዋሪ 1.5 ሚሊዮን ገደማ ነበር። ትልቁን ዕዳ የተሸከመው በሃያዎቹ ዕድሜ ያለ የፓስፖርት ክፍል ሠራተኛ ሲሆን፣ የፈረማቸው ቼኮች ከ10 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነበሩ። ዕዳውን ለማጣራት ዓመታት ፈጀ፤ ባንኮችም ተናጉ።

ዋጋን በዱቤ መክፈል በራሱ ሐራም አይደለም፤ ሁላችንም ከሠፈር ሱቅ በዱቤ ወስደን እናውቃለን። የመናኽ ጥፋት ከወረቀቱ ጀርባ ዕቃም ገንዘብም አለመኖሩ ነው። የአል-ጃሩ ወረቀት እንኳ ወደቡ ላይ እህል ነበረው።

መቼ ነው የሚሸጠው?

አሁን ወደ ወጣቱ ጥያቄ እንመለስ። በ40 ዶላር ሸጦ ሳምንት ሳይሞላ ዋጋው እንደገና መውጣት ጀመረና ማርች 10 በ265 ዶላር ዘጋ። ያን ዕለት ደውሎ «ኡስታዝ፣ ባልሸጥ ኖሮ!» አለኝ። ሳይሸጥ ሲቀር ተጸጸተ፤ ሲሸጥም ተጸጸተ። እንዲህ ባለ አክሲዮን ጸጸት የሌለበት የመሸጫ ቀን የለም፤ ምክንያቱም ዋጋውን የሚያወጣውና የሚያወርደው የኩባንያው ሥራ ሳይሆን የሰዎች ስሜት ነው። ቀደም ብዬ የጠቀስኩት የተቆጣጣሪው ዘገባም፣ ሾርት ያደረጉት ተገደው መግዛታቸው ድርሻ ቢኖረውም፣ ዋጋውን ለሳምንታት ከፍ አድርጎ ያቆየው የብዙኃኑ የመግዛት ፍላጎት ነው ብሏል።

ታዲያ መቼ እንደሚሸጥ ያወቀ ማን ነበር? መልሱ ያስገርማችኋል። ኩባንያው ራሱ ነው። ጌምስቶፕ በኤፕሪልና በጁን 2021 አዳዲስ አክሲዮን አውጥቶ ለእነዚያው ገዢዎች በመሸጥ ከ1.6 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሰበሰበ። በ2022 አንዱን አክሲዮን በአራት ስለከፈለው የድሮውና የአዲሱ ዋጋ በቀጥታ አይነጻጸርም። በሜይ 2024 ኪት ጊል ከሦስት ዓመት ዝምታ በኋላ አንድ ሥዕል በኢንተርኔት ሲለጥፍ፣ ከ17 ዶላር ገደማ የነበረው ዋጋ በሁለት ቀን ለአፍታ ከ64 ዶላር አለፈ፤ በሳምንቱ መጨረሻ ወደ 22 ተመለሰ። ኩባንያው በዚያ ወርና በጁን እንደገና አክሲዮን ሸጦ ከ3 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። ሱቅ ጨዋታ ከመሸጥ ይልቅ ድርሻውን በመሸጥ ያተረፈበት ጊዜ ሆነ። ሻጩ የሚሸጠውን በእጁ የያዘ፣ ምንነቱንም ከማንም በላይ የሚያውቅ ነበር። ገዢው ግን የሚያውቀው ወሬውን ብቻ ነው።

ስለ ሾርት የተጠየቅሁትንም ልመልስ። በጅዳ የሚገኘው ዓለም አቀፍ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ በ1992 ባሳለፈው ውሳኔ፣ ሥራው ሐላል የሆነ ኩባንያ ድርሻ መግዛትንና መሸጥን ፈቅዷል። በደላላው የብድር ተስፋ ላይ ተመርኩዞ የሌለውን አክሲዮን መሸጥን ግን ከልክሏል። አንድ ወንድም «የጤፉ ሰውዬ ኩንታሉን በእጁ ተረክቦ ነው የሸጠው፤ ታዲያ ምኑ ላይ ነው ክልከላው?» ሊል ይችላል። ጥሩ ጥያቄ ነው። የማሌዢያ የካፒታል ገበያ የሸሪዓ አማካሪ ምክር ቤት፣ አክሲዮኑ አስቀድሞ በእጅ መግባቱ በሥርዓት ከተረጋገጠ በቁጥጥር ሥር የሚፈቀድበትን መንገድ የተቀበለው ከዚህ በመነሳት ነው። ነገር ግን በተለመደው ገበያ አበዳሪው በብድሩ ላይ ክፍያና ወለድ ይቀበላል፤ ተበዳሪው በዕዳ ላይ ዕዳ ይጨምራል፤ ኪሳራውም ጣሪያ የለውም። ስለዚህ አብዛኞቹ ዑለሞች ከልክለውታል፤ እኔም የምመክረው ይህንኑ ነው።

በዐረብኛ መረከብ «ቀብድ» ይባላል። ድምፁ እኛ ለግዢ ከምናስይዘው ቀብድ ጋር አንድ ነው፤ የፊቅህ ሊቃውንት ግን የሚፈልጉት ማስያዝን ሳይሆን በእጅ ማስገባትን ነው። የታሪካችን ሁሉ ፍሬ በዚህች ቃል ውስጥ አለ። «መቼ ልሽጥ?» የሚለው ጥያቄ መልስ የሚያገኘው «በእጄ ያለው ምንድን ነው?» የሚለው አስቀድሞ ሲመለስ ነው። ለዚህ አራት ነገር ላስታውሳችሁ።

አንደኛ፣ ገንዘቡ የማን ነው? የእናቱ የሐጅ ገንዘብ አማና ነበር። አማና፣ የቤት ኪራይ፣ የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ወይም ብድር ቀን የተቆረጠለት ገንዘብ ነው፤ ቀን በሌለው ገበያ ውስጥ አይገባም። ገብቶ ከተገኘ ዋጋው ወጣም ወረደም የሚሸጠው ዛሬ ነው። ያን ቅዳሜ ልመልስለት የሚገባኝ ይህን ነበር፤ ሰኞ ገበያው ሲከፈት ሽጠህ የእናትህን ገንዘብ መልስ።

ሁለተኛ፣ የገዛህበት ምክንያት ምንድን ነው? ኩባንያው ምን ሠርቶ ምን እንደሚያተርፍ መናገር ከቻልክ፣ ያ ምክንያት ሲጠፋ ትሸጣለህ፤ እስካለ ድረስም የዕለት ዋጋ አያስደነግጥህም። ምክንያትህ «ሁሉም እየገዛ ነው» ከሆነ ግን፣ ሁሉም ሲሸጥ የሚነግርህ የለም።

ሦስተኛ፣ በምላስ ዋጋ አናውጣ፣ አናውርድ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ነጅሽን ከልክለዋል። ነጅሽ የመግዛት ሐሳብ ሳይኖር ሌላውን ለማታለል ዋጋ መጨመር ነው። «እንዳትሸጡ፣ ያዙት» እያሉ በስልክ እየላኩ ራስ በጎን መሸጥ ወንድምን ማታለል ነው። ለሜር እንዳደረገው ለማውረድ ክፉ ወሬ መንዛትም ከዚሁ አይለይም። በታወቀ ዋጋ፣ ያለ ማታለል የያዙትን መሸጥ ግን ነውር የለበትም።

አራተኛ፣ ልብን እንመርምር። ሰው ሰላት ላይ ቆሞ ስለ ዋጋ ካሰበ፣ ሌሊት ለተሀጁድ ሳይሆን ስልክ ለማየት ከተነሳ፣ በእጁ የያዘው አክሲዮን እርሱን ይዞታል። ያ ራሱ የመሸጫ ምልክት ነው።

ይህን የማነሳው ነገሩ ወደ ቤታችን ስለቀረበም ነው። በጥር 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ በአዲስ አበባ ተከፍቷል። ሐላል ሥራ በሚሠራ ኩባንያ ውስጥ ድርሻ መያዝ መልካም ነው፤ አገርንም ይጠቅማል። ልጆቻችን ወደዚህ ገበያ ሲገቡ ግን የአል-ጃርንና የመናኽን ታሪክ ይዘው ይግቡ።

ወጣቱ በኋላ ያን ገንዘብ በላቡ እንደገና ሠርቶ ሞላው። እናቱ በ2023 ሐጅ አደረጉ። ሲመለሱ ልጠይቃቸው ሄጄ ያን ቅዳሜ የሰጠሁትን መልስ ነገርኳቸውና ዐፍው እንዲሉኝ ጠየቅኋቸው። ፈገግ ብለው «ኡስታዝ፣ ሶብር አድርግ ያሉት ልጄን ነው፤ ሶብሩን ያደረግሁት ግን እኔ ነኝ» አሉኝ። ሁለት ዓመት መጠበቃቸውን መቁጠራቸው ነበር። ከዚያም ዘምዘም አጠጥተው ዱዓ አደረጉልኝ።

አላህ ሐላሉን ያብቃቃን፤ ከሐራም ይጠብቀን፤ ሳናውቅ ከመናገርም ይጠብቀን። አሚን። ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።